የሐጂ ከድር ሰዓትና የጋሽ ታደሰ ቅዳሜ

ባለቤቴ መስፍን ሰዓት ይወዳል። ይህን ስናገር ብዙ ሴቶች «ታዲያ ምን አለበት? የኔው የሚወደው ቢራ አይደል!» ይሉኛል። አብረውት ስላልኖሩ ነው። የሰው ባል ማታ ማታ ኳስ ያያል፤ የኔው በስልኩ የሰዓት ጀርባ ሲከፈት ያያል። «ነይ ተመልከቺ፣ ማሽኑ እንዴት እንደሚተነፍስ!» ይለኛል፣ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ።

አርሲን ለማታውቁት፣ ወደዚያ ስላደረግነው ጉዞ ከመተረኬ በፊት ስለ ሰዓት ከመስፍን የተማርኩትን ትንሽ ላካፍላችሁ፤ በኋላ ያስፈልጋችኋል። ሰዓት ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ በእጅ የሚሞላ ነው፤ ካልሞሉት ይቆማል። ሁለተኛው አውቶማቲክ ነው፤ ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ራሱን ይሞላል፤ ሁለት ቀን ካላጠለቁት ግን እሱም ያኮርፋል። ሦስተኛው የባትሪ ነው፤ ከሦስቱ አስተካክሎ የሚቆጥረው እሱ ሆኖ ሳለ ዋጋው ከሁሉም ያንሳል። ይሄ እንዴት እንደሆነ ብጠይቀው መስፍን «አንቺ ነፍስ ያለውንና የሌለውን አትለዪም» ብሎ ተቆጣኝ።

የፋብሪካዎቹን ስም አልጠራም፤ ሳይከፍሉኝ ማስታወቂያ አልሠራላቸውም። እኛ ቤት ባለ ዘውዱ፣ ባለ መስቀሉ፣ የጃፓኑ እያልን ነው የምንጠራቸው። ባለ ዘውዱ ሀብታም የሚያጠልቀው ነው። ባለ መስቀሉ ያ ሀብታም ራሱ የሚመኘው ነው። የጃፓኑ የሁላችንም አባት ያጠለቀው ነው። የመስፍን ደግሞ ስንት ዓመት ዕቁብ ጥሎ የገዛው፣ ፊቱ ነጭና ጭምት የሆነ የስዊስ አውቶማቲክ ነው። መቶ ሜትር ውኃ ውስጥ ቢገባ ምንም አይሆንም ተብሎ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ጌታው ግን እጁን ሲታጠብ ያወልቀዋል።

ወደ አሰላ የሄድነውም በሰዓት የተነሣ ነው። አጎቴ ጋሽ ታደሰ እዚያ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሐጂ ከድር የሚባሉ ሁሩታ የሚኖሩ የእህል ነጋዴ ወዳጅ አሏቸው። ሐጂ ቅዳሜ ቅዳሜ ለንግድ አሰላ ሲመጡ አጎቴ ቤት ምሳ ሳይበሉ ሄደው አያውቁም፤ እኔ ልጅ ሆኜም እንደዚያው ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ነገር ተበላሸ። ሐጂ ልጃቸው ዘይነባ ከዱባይ ያመጣችላቸውን የሚያብለጨልጭ ባለ ዘውድ ሰዓት አጥልቀው መጡ። ዝናቡ አላስወጣ ብሏቸው አመሹ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰዓታቸውን አዩና «ቀኑ ገባ» አሉ። አጎቴ አንገታቸውን አስግገው ቢያዩ እውነትም በሰዓቱ ትንሿ መስኮት ውስጥ ያለችው የቀን ቁጥር ተቀይራለች። ከት ብለው ሳቁ። «ከድር፣ ይሄማ ፎርጅድ ነው! ቀን በማታ የሚቀይር ሰዓት የት ታይቷል?» ቤቱ በቤተ ክርስቲያን እንግዶች ሞልቶ ስለነበር ሁሉም ሳቀ። ሐጂ እጅጌያቸውን ሰዓቱ ላይ ሳብ አደረጉ፣ ሻያቸውን ጨረሱ፣ አመስግነው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አልመጡም።

አጎቴ ስልክ ደወሉልኝ። «ባልሽ ሰዓት ያውቃል አይደል የምትይው? ይምጣና አይቶ ይፍረድ። ፎርጅድም ከሆነ ፎርጅድ ነው ብሎ ይለይልን።» ሐጂም ሰው ተልኮባቸው «ይምጣ፣ ይየው» ብለዋል። እኔ የፈራሁት መስፍንን ነው። ይሄ ሰው የአክስቱን ወጥ ጣፈጠኝ ብሎ ይዋሻል፤ ስለ ሰዓት ግን ቢገድሉት አይዋሽም። ሁሩታ ላይ ቁጭ ብሎ «ፎርጅድ ነው» ካለ የዘይነባ ስጦታ ተዋረደ፤ የሁለቱ ሽማግሌዎች ነገርም በዚያው አበቃለት።

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ በጠዋት ወጣን። መስፍን መናኸሪያ ሌባ አለ ብሎ ሰዓቱን ከማክሰኞ ጀምሮ ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ ሻንጣው ሥር ቀብሮታል። አዳማን ስናልፍ አወጣውና ቢያየው ቆሟል። ነፍስ ያለው ነገር ካልሲ ውስጥ ምን ይሁን ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። አጠገቡ የተቀመጡ አንድ ሰውዬ በሐዘኔታ አይተውት «ቻይና ነው?» አሉት። መስፍን እስከ ኢተያ ድረስ ከማንም ጋር አልተነጋገረም።

ኢተያ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ እስከ ተራራው ሥር ስንዴ ብቻ ነው፤ የኛ ሰፈር ሰው ቢያየው ኖሮ ለዳቦ ሰልፍ ይይዝ ነበር። አዲስ አበባ ጎማ ቢፈነዳ ረዳቱ «ውረዱ!» ብሎ ጮሆብን ፀሐይ ላይ ያቆመናል። እዚህ ከጎሚስታው ፊት ለፊት ያለች ሴትዮ ከቤቷ ወንበሮች አወጣች፣ በሰፌድ የስንዴ ቆሎ አመጣችልን፤ ስሟን እንኳ ሳትነግረን። ጎሚስታው ጎማውን እየደበደበ መስፍንን «ስንት ሰዓት ነው?» አለው። የመስፍን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተሞላው፤ ፋብሪካው ያሰበው እንደዚያ ነው ብሎ። ከስልኩ አይቶ ገና ሞልቶት ስለነበር ግራ ተጋብቶ «አሥር ከ… ማለቴ… አራት ሰዓት ከሃያ» አለ። ጎሚስታው ቀና ብሎ «ሰዓትህ አስተርጓሚ ይፈልጋል እንዴ?» ሲለው ቆሎው ትን አለኝ።

አሰላ በቀትር ደረስን። ብርዱ የኛን ሐምሌ ያስንቃል። የአጎቴ ባለቤት እትዬ አስቴር መሃሉ በቅቤ የተሞላ ገንፎ ይዘው ጠበቁን፤ መስፍን ሰዓቱን አውልቆ ኪሱ ከተተና ጥርግ አድርጎ በላ። ዕቃ ላጥብ ወደ ማድ ቤት ስገባ መደርደሪያው ላይ ለብቻዋ የተቀመጠች ሰማያዊ ድስት አየሁ። «የሐጂ ናት» አሉኝ እትዬ አስቴር። እኛ የምናርደው ሥጋ ነክቷት አያውቅም፤ ምስርና ሽሮ ብቻ ነው የሚሠራባት፣ እሳቸው ልባቸው ሳይሰቀቅ እንዲበሉ። «አሁን ማንም አይበላባትም። ቅዳሜ ሲሆን ግን አጥባታለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም» አሉ። አሳዘኑኝ። አጎቴ ሳሎን ተቀምጠው ጮክ ብለው ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ ስለ ሐጂ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ዓርብ

አጎቴ ሁሩታ አልሄድም አሉ። «ያኮረፈው እሱ ነው፣ እኔ ምን ቤት ነኝ?» አሉ። ከዚያ ግን የእጅ ሰዓታቸውን ፈተው ለመስፍን ሰጡት። ከመምህርነታቸው ዘመን ጀምሮ ያልተለያቸው በእጅ የሚሞላ የስዊስ ሰዓት ነው፤ ቆዳው ተቀይሯል፣ መስታወቱ ተጭሯል። «የኔን ከሱ ጋር አስተያይ። ጠዋት ጠዋት ሙላው፣ እንዳታጠብቀው። እግሬ አይሄድም፤ ሰዓቴ ይሂድ» አሉ።

መስፍን የራሱን በግራ፣ የአጎቴን በቀኝ እጁ አስሮ ሚኒባስ ገባ። ቦታ አጥታ ጉልበቱ ላይ የተቀመጠች፣ ዶሮ ያቀፈች ሴትዮ ሁለቱን እጆቹን ተራ በተራ አየችና «ምነው፣ አንዱ ይዋሻል?» አለችው።

ሁሩታ የደረስነው ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ዓይናቸው የሚጠፋ ሰው ናቸው። «አካም? ነጋ?» ብለው በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱት። ለኛ ዶሮ ተሠርቶልናል፤ ያረደው ክርስቲያን ጎረቤታቸው ነው፣ ድስቱም ከጎረቤት የመጣ። የሰማያዊዋ ድስት እህት በዚህም በኩል አለች ማለት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ መስፍንን «ብላ እንጂ! አዲስ አበባ አያበሉህም እንዴ?» እያሉ እኔን በዓይናቸው ወቀሱኝ። እኔን! ያንን ሁሉ ሽንኩርት የምልጠውን!

አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ሐጂ ሰዓታቸውን አውልቀው ለመስፍን ሰጡት። ባለቤቴ እንደ ሐኪም ጆሮውን አስጠጋ፣ ገለበጠው፣ ከኪሱ አጉሊ መነጽር አወጣ። በዚህ መሃል የቀኗ ቁጥር በትንሿ መስኮት ውስጥ ቀስ እያለች መንፏቀቅ ጀመረች። የመስፍን ፊት ሲለዋወጥ አየሁ፤ ገባኝም። ስንቴ ነግሮኛል፦ የእውነተኛው ባለ ዘውድ ቀን አትንፏቀቅም፤ ጊዜዋ ሲደርስ ቀጭ ብላ አንዴ ትዘላለች። አፉን ሲከፍት እግሩን በኃይል ረገጥኩት።

«ምን ሆነሻል?» አለኝ ቤቱ እስኪሰማ። አይ መስፍን!

ሐጂ ዓይናቸው እስኪጠፋ ሳቁ። «ተዪው ልጄ፣ እግሩን አትስበሪው። ፎርጅድ ነው። ዘይነባ ስትሰጠኝ ነግራኛለች። ‹አባ፣ ዋናውን እስክገዛልህ ይሄን ያዝልኝ› አለችኝ። ሰው ቤት ሠርታ ነው ያመጣችው። ወላሂ፣ ዋናውን ብታመጣልኝም ይሄን አልፈታም።»

ይሄን ስሰማ ቅልል አለኝ፤ ግራም ተጋባሁ። «ታዲያ ሐጂ፣ እርስዎ ለምን ቀሩ? ጋሼ ፎርጅድ ስላሉት አይደለም እንዴ?»

ሳቃቸውን ተዉ። «ፎርጅድ ማለቱማ ልክ ነው። እኛ ዘንድ ቀን የሚገባው ማታ ነው። ረመዳን በማታ ይገባል። ጁምዓ ሐሙስ ማታ ይገባል። ይሄን ታደሰ አሳምሮ ያውቃል፤ ስንት ረመዳን እዚሁ ምንጣፍ ላይ አብሮኝ አፍጥሯል። ቀኑ ገባ ስል ሳቀብኝ። ሰው ፊት። አያውቅም ብዬ እንዳልተወው ያውቃል።» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እዚህ ጋ ነው የወጋኝ።»

መስፍን አጉሊ መነጽሩን ወደ ኪሱ መለሰ። ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ ቁጥሯ መንፏቀቋን ጨርሳ መስኮቷ መሃል ቁጭ አለች። ሐጂ አይተዋት «ገባ» አሉና ውዱእ ሊያደርጉ፣ ለሶላት ሊታጠቡ ወጡ። እኛን ለማሳደር ማንም አላስፈቀደንም፤ አልጋው ተነጥፎ ነበር።

ቅዳሜ

ቁርስ ላይ እርጎና ትኩስ የስንዴ ቂጣ ቀረበ። ሐጂ መስፍንን «ከሁሉ ውዱ ሰዓት የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁት። ይሄን ጥያቄ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ሲጠብቀው የኖረ ይመስል ቂጣውን አስቀመጠ። ባለ መስቀሉ አንድ ልዩ ሰዓት ይሠራል፤ የትኛው ወር ሠላሳ፣ የትኛው ሠላሳ አንድ፣ የትኛው ሃያ ስምንት እንደሆነ ማሽኑ ራሱ ያውቃል፤ በልጅ ልጅ ዘመን እንኳ ቀኗን ማንም አይነካትም አላቸው።

«ማሻአላህ! ጳጉሜንስ ያውቃል?» አሉ ሐጂ።

መስፍን አሰበ። «አያውቅም።»

«የኛ ወር ሁሉ ሠላሳ መሆኑንስ?»

«እሱንም አያውቅም።»

«እንግዲያ እሱን ገዝተን በየወሩ እንደገና ልናስተምረው ነው» ብለው እርጎ ቀዱለት።

ባለቤቴ መልስ ፍለጋ ዓይኑን ወደ አጎቴ ሰዓት ሲጥል እርጎው አፉ ውስጥ ቀረ። የአጎቴም የቀን ቁጥር እየተንፏቀቀች ነው! በጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ! እጁን እያወራጨ አስረዳን። እነዚህን ሰዓቶች የሠራቸው ሰው ቀን እንዲቀይሩ ያደረጋቸው በፈረንጅ አሥራ ሁለት፣ በኛ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ሰዓታቸውን በአገራቸው አቆጣጠር ስለሞሉት፣ በቀን ሁለቴ ከሚመጣው አሥራ ሁለት ሰዓት የሐጂ ማታው ላይ፣ የአጎቴ ጠዋቱ ላይ ወደቀ። አጎቴ ፎርጅድ ያሉበት ጥፋት በራሳቸው ክንድ ላይ ስንት ዓመት ሲፈጸም ኖሯል።

«በፋብሪካው ሕግ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አለ መስፍን።

«ፋብሪካው እኛን መቼ ጠየቀን?» አሉ ሐጂ። ከዚያ ሰዓታቸውን ፈቱ። «የሱ ሰዓት እኔ ዘንድ አድሯል፤ የኔም እሱ ዘንድ ይደር። ክንድህ ላይ አድርገው፣ እንዳይቆም።»

ወይዘሮ ፋጡማ ጭኮ በዕቃ ሞልተው አስያዙን፤ የገብስ ዱቄቱ በቅቤ ታሽቶ ሽታው ሚኒባሱን ሁሉ ሞላው። እግዜር ይይልኝ፣ መስፍን የራሱን ሰዓት ካልሲ ውስጥ ከትቶ ፎርጅዱን ባለ ዘውድ አጥልቆ ተጓዘ። ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ አንገቱን አስግጎ «ጋሼ፣ ይሄማ ኦሪጅናል ነው! ገና ሲያዩት ያስታውቃል!» አለው። የባለቤቴ ጆሮ ቀላ።

አጎቴ በር ላይ ጠበቁን። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «እህስ? ፎርጅድ ነው?» አሉ።

«ፎርጅድ ነው» አለ መስፍን። ስለ ሰዓት አይዋሽም ብያችሁ የለ።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ አላላቸውም፤ ትከሻቸው ወረደ። ከዚያ ሐጂ ያሉትን እኔ ነገርኳቸው፣ ምንም ሳልቀንስ፤ የረመዳኑን፣ ሰው ፊት መሳቃቸውን፣ ደረታቸውን የነኩትን። መስፍን ደግሞ የእሳቸውም ሰዓት ቀን የሚቀይረው ጠዋት መሆኑን ጨመረበት።

«የኔ? በጠዋት?»

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ አይተውት አያውቁም?» አልኳቸው።

«ጠዋት የምሞላው ስጸልይ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ» አሉ በቀስታ። ከዚያ የሐጂን ሰዓት ተቀብለው በረንዳ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ እትዬ አስቴር ጋቢ ደረቡላቸው። ለቡና ብንጠራቸው አልገቡም። ፀሐይ ስትጠልቅ አዛን ተሰማ፤ ሰዓቱን ወደ መነጽራቸው አስጠጉ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። እኔና እትዬ አስቴር በሩ ሥር ቆመን ጆሯችንን ቀሰርን፤ አላፍርበትም።

«ከድር? ታደሰ ነኝ። ሰዓትህ እጄ ላይ ነው። አሁን ገባ። ባንተ እሁድ ሆኗል።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እያወቅሁ ነው የሳቅሁት። አጥፍቻለሁ። ናፍቀኸኛል፣ አንተ ሰው።» ሐጂ ምን እንዳሉ አልሰማንም። አጎቴ ረጅም ጊዜ ካዳመጡ በኋላ ድምፃቸው ተለወጠ። «አይ፣ ስማኝ እንጂ። ባንተ ነው እሁድ። በኔ ሰዓት ገና ቅዳሜ ነው፤ እስከ ነገ ጠዋት አይወጣም። የቅዳሜ ምሳህ ደግሞ እዚህ ቀርቷል።»

እትዬ አስቴር ሳይጠየቁ ሰማያዊዋን ድስት አወረዱ። በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ አጠቧት።

እሁድ

ሁላችንም ተኝተን ሳለ የመስፍን ሰዓት በፋብሪካው ሕግ መሠረት ቀኗን ቀጭ አድርጋ ቀይራለች። ያን ሁሉ ዕቁብ የበላችበትን ሥራዋን ማንም አላየላትም።

ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ብወጣ አጎቴ ለቤተ ክርስቲያን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳው ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የሐጂን፣ በሌላው የራሳቸውን ሰዓት ይዘዋል። ከማድ ቤቱ የሽሮ ሽታ ይመጣል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። የአጎቴ ሰዓት ቁጥር መንፏቀቅ ጀምራ እኩሌታዋ አሥራ አራት፣ እኩሌታዋ አሥራ አምስት ሆና መስኮቷ ውስጥ ቆማለች። «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ እንጂ» ይሏታል፣ እንደ ሕፃን። መስፍን በእንቅልፍ ዓይኑ መጥቶ ከኋላቸው ቆመ፤ ውድ ሰዓት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ዘልሎ ነበር ሊል ነው ብዬ እግሬን አዘጋጀሁ። እሱ ግን አብሯቸው ቁጥሯን ማየት ጀመረ።

ስንዴ የጫነ አይሱዙ አጥሩ ጋ ቆመ፤ ሐጂ ከድር ከጋቢናው በጥንቃቄ ወረዱ። የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ሰግደው ወዲያው መነሣታቸው ነው። በሩ ጋ ደርሰው አልገቡም። ባዶ ክንዳቸውን ወደ አጎቴ አንሥተው «ታደሰ፣ ቅዳሜ ወጥቷል ወይስ አለ?» አሉ።

አጎቴ ሰዓታቸውን እስከ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ግማሹ አለ፤ ቶሎ ግባ!»